ዳቦ የተከለከለ ጋጋሪ

መጀመሪያ የተነፋው ሆዴ ነው። ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ አንድ ፉርኖ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ነበርኩ። ጠዋት የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃው ሲወጣ አንዱን እሰብርና በሻይ እበላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የበላሁት። አንድ ቀን ታዲያ ገና ሻዬን ሳልጨርስ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ቀበቶዬን ፈታሁ። አብሮኝ ሊጥ የሚያቦካው ሰውዬ አየኝና፣ «ተሾመ፣ ከሚስትህ ቀድመህ ልትወልድ ነው እንዴ?» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ተቅማጡ መጣ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለታመመ ሰው ስለሆነ አላፍርበትም። ብዛት አለው፣ ይነጣል፣ ቅባት ቅባት ይላል፣ ውኃ ቢደፉበት አይታጠብም። ሽታው የግቢውን ሰው ያስወጣል። በቀን አምስቴ፣ ስድስቴ። ደም የለውም፣ ትኩሳት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁና ከወር ካለፈ፣ ምች ነው፣ ብርድ ነው እያላችሁ አትቀመጡ። እኔ ተቀምጬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ የወስፋት መድኃኒት ሰጡኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ አሜባ አሉኝ። በሦስተኛው ጃርዲያ ሆነ። ኪኒኑን ሁሉ ዋጥኩት። ሥጋዬ እያለቀ ሄደ። ምላሴ ቆሳስሎ በርበሬ አላስነካ አለኝ። ጣቶቼ እየተኮማተሩ አልዘረጋ ሲሉኝ ዳቦ የማወጣበት ረጅሙ የእንጨት አካፋ ከእጄ ይወድቃል። ስልሳ ስምንት ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ ሃምሳ አንድ ገባሁ። ጎረቤት የውኃ መጠጫዬን ለየ። ቲቢ ነው ተባለ። ሰው በልቶት ነው ያሉም ነበሩ። ጠበልም ሄድኩ። ጠበሉ አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ እዚያ የሰጡኝ የገብስ ቆሎ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል።

ማንም ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። እኛ አገር ሰው ሲታመም የሚበላውን አስቡት። የአጃ አጥሚት። የገብስ ገንፎ። በሶ በማር። «ይጠግንሃል፣ አንጀትህን ያለሰልስልሃል» እየተባለ። ሚስቴ ወርቄ እነዚህን ሁሉ በየተራ ሠርታ እያባበለች አጎረሰችኝ። አንድም ቀን አልሰለቸችም። በፍቅር እየገደለችኝ ነበር።

በመጨረሻ ሆስፒታል ገባሁ። የመረመረኝ ሐኪም ከኩባ የመጣ ነው፤ መልኩ እንደኛ ጠይም ስለሆነ መጀመሪያ አማርኛ የሚችል መስሎኝ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ነርሷ፣ ሲስተር አስካለ፣ ተረጎመችለት። እጄን ያዘና ጥፍሮቼን አየ። በጥፍሬ ሥር የደረቀ ሊጥ አይጠፋም።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

«ዳቦ ጋጋሪ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ሆዴን ትቶ ስለምበላው ነገር ብቻ ይጠይቀኝ ጀመር።

አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ጫፏ ላይ ትንሽ ካፕሱል ያለባት ቀጭን ቱቦ አስዋጡኝ። ከአንጀቴ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነገር ቆርጣ ወጣች። ባዮፕሲ ይሉታል። ያስመልሳል እንጂ አያምም፤ ካዘዙላችሁ አትፍሩት። ውጤቱ ይዞት የሚመጣው ግን ያስፈራል።

«አንጀት ውስጡ እንደ ምንጣፍ ጠጉር አለው» አለኝ ኩባዊው ሐኪም ናዝሬት ስመለስ፣ በሲስተር አስካለ አፍ። «ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ጠጉር ነው። ያንተ ተላጭቷል። የላጨው ግሉተን የሚባል ነገር ነው፤ ስንዴ ውስጥ ያለ። በሽታው ሴሊያክ ይባላል።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም። አለመብላት ብቻ ነው።»

«እስከ መቼ?»

ይህቺን ራሱ በአማርኛ ሊመልስልኝ ፈለገ። «እስከ ሞት» አለ።

ሲስተር አስካለ ቶሎ ብላ፣ «ዕድሜ ልክዎን ማለቱ ነው» አለች። ልዩነቱ ዛሬም አልገባኝም።

ከዚያ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ የማይበላ በአንድ ወገን፣ የሚበላ በሌላ ወገን። ስትሰጠኝ፣ «ማንበብ ይችላሉ አይደል?» አለችኝ።

«የምስክር ወረቀት አለኝ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ አለኝ፤ በፍሬም ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ቀበሌያችን ሲገባ ሥራ ስጨርስ እየሄድኩ ተማርኩ። ተማርኩ ማለቴ፣ ሌሎቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማሁ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። ገጹ ላይ ያለውን ሥዕል ካየሁ ከሥሩ የተጻፈውን አወርደዋለሁ። በምረቃው ቀን እኔን ነበር ለንባብ ያስነሱኝ። ሥዕሉን አየሁ፣ ጮክ ብዬ አወረድኩት፣ ተጨበጨበልኝ። ፊደሉን ግን አንዱን ከአንዱ አልለይም ነበር። ወርቄም አትለይም፤ እሷ ግን አለመቻሏን በግልጽ ትናገር ነበር። እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ይህ ግን ኀፍረቴን አላቀለለልኝም።

ወረቀቱን አጥፌ ኮት ኪሴ ከተትኩት። ቤት ስገባ ለወርቄ፣ «ዳቦ ተው አለኝ» አልኳት። ሌላውን ሐኪሙ ሲናገር ከድንጋጤዬ ብዛት አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ስንዴ የሚለውን ነው። ወረቀቱን ለአንድ ሰው ላስነብብ አልኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ፍሬም አየሁ። ተውኩት።

ወርቄ ዳቦ ከቤት አወጣች። አጥሚቱን አበዛችልኝ። ጤፍ በኩፖንም ጠፍቶ ነበርና እንጀራውን ከገብስ ጋር ቀላቅላ ጋገረች። በሶውን አጠበቀችው።

ሁለት ወር።

እግሬ አበጠ። ፊቴም አበጠ። አጥንቴ ውስጥ ያመኝ ጀመር። ሥራ ቀረሁ። ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃተኝ። አርባ ሰባት ኪሎ። ወርቄ ታጥበኛለች። ታለብሰኛለች። አንድ ቀን ስታጥበኝ ጀርባዬን ይዛ ቆመች፤ እጇ አልንቀሳቀስ አለ። ዘወር ብዬ አላየኋትም። ልሞት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በጋሪ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ኩባዊው ሐኪም ሲያየኝ ደነገጠ። ምን እንደበላሁ ጠየቀ። መልስ የሰጠችው ወርቄ ናት፤ ኮራ ብላ።

«ዳቦ አላስነካሁትም፣ ሲስተር። እንደታዘዘው ነው። አጥሚት ነው የምሰጠው። ጠዋት በሶ፣ ማታ የገብስ ገንፎ። እንጀራውንም ቢሆን ገብስ ጣል እያደረግሁበት፣ እንዲለሰልስለት ብዬ።»

ሲስተር አስካለ ተረጎመች። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወረቀቱስ?» አለችኝ ሲስተር።

ከኪሴ አወጣሁት። በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።

«እስኪ ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን ያዝኩ። ሥዕል የለበትም። ያዝኩት፣ ያዝኩት። ወርቄ መጀመሪያ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን። የምስክር ወረቀቱን ፍሬም ያስገባችልኝ እሷ ናት።

ሲስተር አስካለ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ወንበሯን አስጠግታ ጣቷን መጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች። «ስንዴ» አለች። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «ገብስ።» ከዚያ «አጃ።» ከነዚህ የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረችልን፤ በሶ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ ማካሮኒ፣ ብቅል ስላለበት ጠላም ጭምር። ወርቄ እየሰማች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ማታ ቤት ስንገባ፣ «ሁለት ወር ሙሉ በእጄ አበላሁህ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ፍሬሙን ከግድግዳው አወረድኩት።

በማግስቱ አልጋ ተገኘልኝና ሆስፒታሉ ሦስት ሳምንት አስተኛኝ፤ ግሉኮስ፣ አይረን፣ ፎሊክ አሲድ ሰጡኝ፤ ሩዝና ድንች ብቻ እየበላሁ ሰነበትኩ። ከወጣሁ በኋላ ከሀ ጀምሬ፣ ከወርቄ ጎን ተቀምጬ፣ እንደገና መሠረተ ትምህርት ገባሁ፤ አስተማሪው መጽሐፉን ሲያነብ እኔ ሲስተር አስካለ የጻፈችልኝን ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ዘርግቼ ፊደሉን ከዚያ ላይ እለቅም ነበር። ከሥዕል ሳይሆን ከፊደሉ ለይቼ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ገብስ ነው። ሌላው ሰው በምን እንደሚጀምር አላውቅም፤ እኔ ማንበብ የለመድኩት በማልበላቸው ነገሮች ነው።

ሻል አለኝ፤ ተቅማጡ ቆመ፤ ጣቶቼ ተዘረጉ። ግን በሁለተኛው ወር ሆዴ መልሶ ተነፋ፤ ምንም ያልተፈቀደ ነገር ሳልቀምስ። ፈልገን ፈልገን ያገኘችው ወርቄ ናት። ወፍጮ ቤት ከፊታችን የተሰለፈው ሰው ስንዴ ሲያስፈጭ የእኛ ጤፍ ተከትሎ ይገባል፤ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ስንዴ ከጤፋችን ጋር ይወጣል። ከዚያ በኋላ በጠዋት ሄዳ፣ በቆሎ የያዘ ሰው ፈልጋ አስቀድማ፣ ከሱ ቀጥሎ ማስፈጨት ጀመረች፤ የመጀመሪያውንም ዱቄት ትተወዋለች። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ «እትዬ ወርቄ፣ ባልሽ ንጉሥ ነው እንዴ? ንጉሥ እኮ ወርዷል» ይላት ነበር። እሷም፣ «የኔው ገና አልወረደም፤ በል ፍጭ» ትለዋለች። ጤፍ ሲጠፋ የሻሸመኔ ነጋዴዎች ከሚያመጡት ቆጮ እንገዛለን፤ ከመቂ በቆሎ እናስመጣለን። በዚህ አኳኋን ዓመት ሳይሞላ ስልሳ ሁለት ኪሎ ገባሁ፤ ሁለተኛ ባዮፕሲ ሲሠሩልኝ ሐኪሙ በጣቱ የሣር ብቅለት እያሳየኝ፣ «በቀለ» አለ፣ በአማርኛ፤ ይህቺን አልተሳሳተም።

ከምድጃው ግን ወጣሁ። ብናኙም ይጎዳሃል አሉኝ። እዚያው ግቢ የማገዶ እንጨት ጠባቂ ሆንኩ። አሥራ አንድ ዓመት ዳቦ የጋገረ ሰው እንጨት ቆጣሪ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከምድጃው ወደ እንጨቱ ክምር ይነፍሳል፤ የትኛው ዳቦ እንደበሰለ፣ የትኛው ደቂቃ እንደቀረው ከሽታው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ተነሥቼ፣ «አውጣው፣ እያረረ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ተተኪዬ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «አያ ተሾመ፣ አንተ እንጨትህን ጠብቅ» አለኝ። ልክ ነበር። ዳቦው ግን አሮ ነበር።

ከበሽታው ይልቅ የከበደኝን ልንገራችሁ። ሰው ቤት መብላት ነው። ድግስ ላይ የራሴን እንጀራ በላስቲክ ጠቅልዬ ስሄድ፣ «ተሾመ ቡርዣ ሆነ፤ የኛን እንጀራ ጠላ» አሉኝ፤ ያን ዘመን ለቀልድም የሚባል ስም አልነበረም። ሊያጎርሱኝ የዘረጉትን እጅ ገፍቼ ያስቀየምኳቸው ሰዎች አሉ፤ አንዷ ዛሬም ሰላም አትለኝም። ከአንድ ትሪ ከሰው ጋር፣ ማን ምን እንደነካ ሳላይ፣ ሳልጠይቅ መብላት ናፈቀኝ። ዳቦው አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው።

የባሰብኝ እናቴ ቤት ነው። እናቴ ኢተያ አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ዓይንህ እስኪደክም ስንዴ ነው። ከዳንኩ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በኮባ የተጋገረ ዳቦ ጠበቀኝ፤ ገና በሩ ላይ ስደርስ ሸተተኝ። አልበላም አልኳት።

«የሱቅ ዱቄት ነው ያሳመመህ» አለች። «የኔ ስንዴ ምን በደለህ፣ ኢልመ ኮ?» ልጄ ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ስታወራም ለኔ ኦሮምኛው ነው የሚቀናት።

«እሱም ስንዴ ነው፣ እማ። ይገድለኛል።»

«በዚሁ ነው ያሳደግሁህ። አልገደለህም።»

ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ድንች ቀቅላ ሰጠችኝ፤ አስቀምጣልኝ ሄደች እንጂ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ዳቦዋን እምቢ ያለ ልጅ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና አነበብኩላት። ዝግ ብዬ፣ ጣቴን እያስኬድኩ። ስንዴ። ገብስ። አጃ። እስከ ታች። ሥራዋን አቁማ ሰማችኝ።

«ማነው የጻፈው?»

«የሆስፒታሉ ሲስተር።»

«ያነበብከው ግን አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃልህ አይደለም?»

ለካ ታውቅ ኖሯል። «በቃሌ አይደለም» አልኳት።

ተነሣች። ከዳቦው ትልቅ ቁራጭ ቆርጣ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዳቦውን ሁለት ቦታ ሰብራ አፍንጫዬ ሥር ያዘችው። «በል አሽትተው» አለች። አሸተትኩ። «ጠገብክ?» መልሴን አልጠበቀችም። «በል እኔ ልብላልህ» አለችና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ እያለች፣ ድርሻዬን እስከ መጨረሻው በላችልኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እንደዚያው ነበር።

አሁን ምክር ልስጥ፤ አጭር ነው። ሐኪሙ ሳይመረምራችሁ ስንዴ አትተዉ፤ ቀድማችሁ ከተዋችሁ ምርመራው ያታልላል። የታዘዛችሁት ካልገባችሁ፣ አልገባኝም በሉ፤ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ አልችልም በሉ። ኀፍረት እኔን ሁለት ወርና አራት ኪሎ አስከፍሎኛል። ወፍጮውን ጠይቁ። ጠላ ይቅርባችሁ፤ ጠጅ ተፈቅዷል፣ የእኔ ኪስ ነው ያልፈቀደው። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ፤ እሱ ሽንት ቤት አብሯችሁ አይሄድም። ደግሞ ናፍቆቱ ይለቃል ብለው ከነገሯችሁ አትመኑ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አልለቀቀኝም። ይዛችሁት ትኖራላችሁ።

ኩባዊው ሐኪም ወደ አገሩ ተመልሷል። ይህን አያነበውም፤ ቢሆንም ሕይወቴ የሱ ናት። ሲስተር አስካለ በጣቷ ቃል ያሳየችኝን ቀን አልረሳም። ወርቄን እንዴት እንደማመሰግን ግን አላውቅም። እኔ ዳቦ ከተከለከልኩ ጀምሮ ቤታችን ዳቦ ገብቶ አያውቅም፤ እኔ ያልበላሁትን አልበላም ብላ እሷም ትታዋለች።

እናቴ ባለፈው ክረምት ሞተች። ሰዉ ተሸኝቶ ናዝሬት ከተመለስኩ ጥቂት ቀን በኋላ፣ ጠዋት እንጨቱ ዘንድ ቆሜ ነፋሱ ያን ሽታ ይዞብኝ መጣ። ወደ ቤት ተመለስኩ።

«ወርቄ፣ አንድ ዳቦ ገዝተሽ ነይ» አልኳት።

ደነገጠች። «ለማን?»

«ላንቺ። ብይልኝ።»

ከዚያው ከድሮው ፉርኖ ቤቴ ገዝታ መጣች፤ ትኩስ ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሰብራ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። ከዚያ ፍርፋሪው ወደኔ እንዳይወድቅ መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ፣ ቀስ እያለች በላች።